መምታት ሲችል የሚያልፍ እግር፤ ስለ ብራዚል ሰዎች የካፖኤራ ርግጫ

በአገራችን አነጋገር ርግጫ የአህያና የበቅሎ ጠባይ ነው። በትር ይዞ የመከተ፥ ጋሻ አንሥቶ የተከላከለ፥ ወይም በትግል ባላጋራውን አንሥቶ የጣለ ሰው ይመሰገናል እንጂ፥ በእግሩ የተራገጠውን ሰው ጨዋ ነው የሚለው የለም። ስለዚህ አንድ ልጅ ወደ አባቱ ቀርቦ «ርግጫ የሚያስተምሩበት ቤት አለና ልግባ» ብሎ ቢለምን፥ አባትየው ፊቱን ቢያጠቍር አያስደንቅም። ዳሩ ግን ካፖኤራ የሚባለው የብራዚል ሰዎች ጨዋታ ከተወለደበት አገር ወጥቶ ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ልጆችና ጐልማሶች የሚማሩት ሆኗልና፥ ይህን ልመና የሚሰሙ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። አባትና እናት ከመከልከላቸው ወይም ከመፍቀዳቸው አስቀድሞ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ፥ ርግጫውም በምን ሕግ እንደሚሰነዘር ቢያውቁ መልካም ነው በማለት በዚህ ገጽ ልንገልጸው አስበናል።

ነገሩን አስቀድመን በአጭር ቃል ለመናገር፥ ካፖኤራ እግርን ለመምታት ብቻ ሳይሆን መምታት ሲቻል ለማለፍም የሚያሠለጥን ጥበብ ነው። በዚህ ጨዋታ የሚደነቀው ባላጋራውን ያቈሰለ ሰው ሳይሆን፥ ሊያቈስለው እንደሚችል ለተመልካች ሁሉ ግልጥ አድርጎ አሳይቶ እግሩን የመለሰ ሰው ነው። ይህም ልማድ በድንገት የመጣ አይደለም፤ ብዙ መከራ ካለፈ በኋላ የተገኘ ነውና ታሪኩን ከሥሩ ማንሣት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የጨዋታው መነሻ

ፖርቱጋሎች በ1500 ዓመት ወደ ብራዚል ከደረሱ በኋላ አገሩን የሸንኮራ አገዳ እርሻ፥ ቈይቶም የወርቅና የቡና ምድር አደረጉት። ሥራውን የሚሠሩት ግን ከአፍሪቃ በመርከብ ተጭነው የመጡ ባሮች ነበሩ። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በሦስት መቶ ዓመት ያህል ጊዜ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪቃውያን ወደ ብራዚል ተወስደዋል፤ በአሜሪካ ምድር ካሉት አገሮች ሁሉ ይህን ያህል ሕዝብ በባርነት የተቀበለ ሌላ የለም። ከእነርሱም እጅግ የሚበዙት ከአንጎላና ከኮንጎ አገር የመጡ ነበሩ። የባሪያ ንግድ በ1850 በሕግ ተከለከለ፤ ባርነት ራሱ ግን ልዕልት ኢዛቤል በሜይ 13 ቀን 1888 በፈረሙት ሕግ እስኪሻር ድረስ ጸንቶ ነበር።

ካፖኤራም የተወለደው ከእነዚህ ሰዎች መካከል ነው። ስሙ ከምን እንደ መጣ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ተመንጥሮ እንደ ገና የበቀለ ዱር ማለት ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዶሮ የሚያዝበት ቅርጫት ስም ነው ይላሉ። ባሮቹ እጃቸው በሰንሰለት የታሰረ ስለ ነበረ በእግር መዋጋትን ለመዱ የሚል ወሬ በየአገሩ ይነገራል፤ ነገር ግን ለዚህ ወሬ የጽሑፍ ማስረጃ አልተገኘለትም። ይልቅስ ለማመን የሚቀለው፥ ከአፍሪቃ የመጡት ሰዎች የእግር ጨዋታን ከአገራቸው ይዘው መጥተዋል የሚለው ነው። በደቡብ አንጎላ ኤንጎሎ የሚባል፥ በርግጫና በማምለጥ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ ስሙም ከሜዳ አህያ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። በእኛ ዘንድ መነቀፊያ የሆነው የአህያ ርግጫ በሌላው ሕዝብ ዘንድ መመስገኛ ሆኖ መገኘቱ፥ አንድ ነገር በየአገሩ በየመልኩ እንደሚታይ ያስረዳል።

ጨዋታው በብራዚል እንዴት ይታይ እንደ ነበረ ከቀድሞ ሥዕሎች እንረዳለን። ኦገስተስ ኧርል የሚባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ጥቍር ሰዎች በርግጫ ሲጋጠሙ፥ አንድ ወታደርም ሊይዛቸው አጥር ዘሎ ሲመጣ ሥሏል። ዮሃን ሞሪዝ ሩጌንዳስ የሚባለው ጀርመናዊም በ1835 ባሳተመው ሥዕል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲወዛወዙ፥ አንዱ ከበሮ ሲመታ፥ የቀሩትም ከበው ሲመለከቱ አሳይቷል። እነሆ፥ በአንደኛው ሥዕል ወንጀል፥ በሁለተኛው ጨዋታ ሆኖ ይታያል፤ ካፖኤራ እስከ ብዙ ዘመን ድረስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ኖሯል።

ሕግ የተነሣበት ዘመን

በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ የካፖኤራ ሰዎች በየሰፈሩ ማኅበር አቁመው እርስ በርሳቸው ይጋደሉ ነበር። ከማኅበሮቹ ታላላቆቹ ናጎአና ጓያሙ ይባሉ ነበር። በእግራቸው ብቻ ሳይሆን በምላጭና በዱላም ይዋጉ ነበር፤ የመንግሥት ምርጫ በሚሆንበት ጊዜም ባለሥልጣኖች ለማስፈራሪያ ይቀጥሯቸው እንደ ነበር ተጽፏል። እንግዲህ የርግጫ ብልኀት በገዛ ራሱ ጨዋነትን እንደማይሰጥ ከዚህ ማወቅ ይቻላል፤ ያው እግር ለተከራየው ሁሉ ያገለግላል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1889 ከዙፋን ወርደው ሪፑብሊክ ከተመሠረተ በኋላ፥ የሪዮ የፖሊስ አለቃ ሳምፓዩ ፌራዝ የካፖኤራን ሰዎች አሳድዶ እየያዘ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ወደ ፌርናንዱ ዲ ኖሮኛ ደሴት አጋዛቸው። በኦክቶበር 1890 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በ402ኛው ክፍል፥ በመንገድና በአደባባይ ካፖኤራ የተጫወተ ሰው ከሁለት ወር እስከ ስድስት ወር እንዲታሰር አዘዘ፤ ለማኅበር አለቆችም ቅጣቱ እጥፍ ሆነ። ባርነት ከተሻረ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሲሆነው ነጻ የወጡት ሰዎች ጨዋታ ወንጀል ሆነ ማለት ነው። በሪዮ በዚህ ሕግ ምክንያት ጥበቡ ሊጠፋ ተቃረበ፤ በስተ ሰሜን ባለው በባሂያ ክፍለ አገር፥ በሳልቫዶር ከተማ ግን በወደብ ሠራተኞችና በአናጢዎች፥ በዓሣ አጥማጆችና በጋሪ ነጂዎች ዘንድ ተጠብቆ ቈየ።

ክቡና መሣሪያው

ርግጫዎቹን ከመዘርዘራችን በፊት ጨዋታው የሚካሄድበትን ሥርዐት መግለጽ ይገባል። ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ ወይም ይቀመጣሉ፤ ይህም ክብ ሮዳ ይባላል፤ መንኰራኵር ማለት ነው። በክቡ ራስ ላይ የሙዚቃ መሣሪያዎች ይሰለፋሉ፤ የሁሉም አለቃ ቤሪምባው የሚባለው ነው። ቤሪምባው አንድ የብረት ሽቦ የተወጠረበት ደጋን ሲሆን፥ በታችኛው ጫፉ የተቈረጠ ቅል ታስሮበታል። መቺው በቀጭን በትር ሽቦውን እየመታ፥ በሌላ እጁ ደንጊያ ወይም ሳንቲም ወደ ሽቦው እያስጠጋ ድምፁን ይለዋውጠዋል። ቤሪምባው ቀስ ሲል ተጫዋቾቹ ወደ ምድር ዝቅ ብለው ቀስ ይላሉ፤ ሲፈጥን ተነሥተው ይፈጥናሉ፤ ዝም ሲል ያቆማሉ። ከምቱ ዐይነት አንዱ ካቫላሪያ ይባላል፤ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ነው፤ በስደቱ ዘመን ፈረሰኛ ፖሊስ መምጣቱን ለማስታወቅ ይመታ እንደ ነበር አባቶች ለልጆቻቸው ነግረዋል።

ሁለቱ ተጫዋቾች ከቤሪምባው እግር ሥር ቍጢጥ ብለው እጅ ለእጅ ከተጨባበጡ በኋላ ወደ ክቡ ይገባሉ። ያን ጊዜ የሚጀምሩት እርምጃ ጂንጋ ይባላል፤ መወዛወዝ ማለት ነው። አንደኛው እግር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ጎን ይመለሳል፤ ቀጥሎ ሌላው እግር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በምድር ላይ ቢሣል ሦስት ማዕዘን ይሆናል። እጆቹም እየተፈራረቁ ፊትን ይጋርዳሉ። ለማያውቅ ሰው ዘፈን ይመስለዋል፤ ነገር ግን የክብደቱ ማረፊያ ሁልጊዜ ስለሚለዋወጥ ባላጋራው የትኛው እግር እንደሚነሣ አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። ርግጫዎቹ ሁሉ የሚወጡት ከዚህ እርምጃ ነውና፥ ጂንጋን ሳይጠነቅቅ ወደ ርግጫ የሚቸኵል ተማሪ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ይደርስበታል።

የርግጫዎቹ ዐይነት

ርግጫዎቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ቀጥ ብለው የሚሄዱና ክብ ሠርተው የሚያልፉ ናቸው።

ቀጥ ብለው ከሚሄዱት የመጀመሪያው ቤንሳኦ ይባላል። ቃሉ በፖርቱጋል ቋንቋ ቡራኬ ማለት ነው፤ ስሙ የፌዝ መሆኑን ግን የተቀበለው ሰው ያውቀዋል። ኋላ ያለው እግር ጉልበቱ ወደ ደረት ከተነሣ በኋላ፥ በውስጥ እግር የባላጋራን ሆድ ወይም ደረት ይገፋል። ሁለተኛው ፖንቴይራ ነው፤ ጣቶቹ ወደ ኋላ ተቀልብሰው፥ ከጣቶች ሥር ባለው የእግር ክፍል ፈጥኖ የሚወጋ ነው። ሦስተኛው ሻፓ ነው፤ ሰውነት ወደ ጎን ዞሮ በውስጥ እግር የሚመታ ነው። ማርቴሉ የሚባለውም አለ፤ መዶሻ ማለት ነው፤ ጉልበት ከታጠፈ በኋላ ከጎን ተመዞ በእግር ጀርባ ወይም በቅልጥም የጎድንን ወይም የጆሮ ግንድን የሚመታ ነው። እነዚህ ሁሉ የታለመላቸውን ነገር ሲያገኙ የሚቆሙ ስለ ሆኑ ጨዋታውን ያቋርጣሉ፤ ስለዚህ ዐዋቂ ተጫዋች አያበዛቸውም።

የካፖኤራ ውበት ያለው በክብ ርግጫዎች ነው። ከእነርሱ ቀላሉ ሜያ-ሉዋ ዲ ፍሬንቲ፥ የፊት ግማሽ ጨረቃ፥ የሚባለው ነው፤ ኋላ ያለው እግር ሳይታጠፍ ከውጭ ወደ ውስጥ በባላጋራው ፊት በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ አልፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኬይሻዳ የሚባለው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እግሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ስሙም አገጭ ከሚለው ቃል የወጣ ስለ ሆነ ወዴት እንደሚታለም ያስታውቃል። በአርማዳ ጊዜ ተጫዋቹ አንድ እርምጃ አቋርጦ ከረገጠ በኋላ ሰውነቱን እንደ ቆመ ያዞራል፤ አስቀድሞ ራሱ ዞሮ ባላጋራውን በትከሻው በላይ ያያል፤ ቀጥሎ ወገቡ ይከተላል፤ በመጨረሻው እግሩ እንደ ጅራፍ ተለቅቆ ያልፋል።

ከሁሉ የሚከበረውና የሚፈራው ሜያ-ሉዋ ዲ ኮምፓሱ ነው። ኮምፓስ በትምህርት ቤት ክብ የሚሠራበት መሣሪያ ነው፤ አንዱ እግሩ ተተክሎ ሁለተኛው ይዞራል፤ ርግጫውም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ ፊተኛውን እግር ወደ ውስጥ አዙሮ ይተክላል፤ ወገቡን አጥፎ እጁን ወደ መሬት ያወርዳል፤ ባላጋራውንም ከእግሮቹ መካከል አሾልቆ ይመለከታል፤ ያን ጊዜ ኋላ ያለው እግር ተዘርግቶ በተረከዙ ክብ ይሠራል። በአንጎላ ስልት የሚጫወቱት ይህን የመሰለውን ርግጫ ራቡ ዲ አራያ ይሉታል፤ የአራያ ጅራት ማለት ነው፤ አራያም በጅራቱ መርዛም እሾህ የሚዋጋ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው።

ይህ ርግጫ ኀይሉ ከየት መጣ ቢሉ ሦስት ምክንያት አለው። መጀመሪያ፥ በአንድ ማዕከል ላይ የሚዞር ነገር ሁሉ ጫፉ ከመካከሉ ይልቅ ይፈጥናል፤ የተዘረጋው እግር ረጅም ስለ ሆነ በጫፉ ያለው ተረከዝ እጅግ ፈጣን ይሆናል። ሁለተኛ፥ እግሩን የሚያዞሩት የዳሌና የወገብ ጡንቻዎች ናቸው፤ እነዚህም በሰው ሰውነት ካሉት ሁሉ ብርቱዎች ናቸው። ሦስተኛ፥ ተረከዝ በቀጭን ሥጋ የተሸፈነ ጽኑ አጥንት ስለ ሆነ ምቱ አይለዝብም። በዚህም ላይ የርጋጩ ራስ ወደ ምድር ስለ ወረደ ከባላጋራው እጅ ርቋል። አንድ ሰው ራሱን ሸሽጎ በዚህ ያህል ኀይል መምታት የሚችልበት ሌላ ርግጫ ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ያለው ተረከዝ የጆሮ ግንድ ላይ ቢያርፍ ሰውን ራሱን ያስታል፤ ከዚያም የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። እንግዲህ ተረከዙ ሳያርፍ እንዲያልፍ ማድረግ የቅንጦት ነገር ሳይሆን የሕይወት ነገር መሆኑ ግልጥ ነው።

መልሱ ምንድር ነው?

በካፖኤራ ርግጫን በክንድ መመከት የተለመደ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ፍጥነት የመጣውን ተረከዝ በክንድ የሚቀበል ሰው ክንዱን ያጣልና። ስለዚህ ተጫዋቹ ያጐነብሳል፤ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ወይም አንድ እጁን ከራሱ ፊት ጋርዶ በሁለቱ እግሮቹ ቍጢጥ ይላል፤ ይህም ኮኮሪኛ ይባላል። ኔጋቲቫ በሚባለው ደግሞ አንዱን እግር ዘርግቶ በእጆቹ ተደግፎ ወደ ምድር ይጠጋል፤ ከዚያም እየተንከባለለ ሌላ ቦታ ይነሣል። ርግጫው በላዩ ሲያልፍ እርሱ የራሱን ርግጫ ይጀምራል፤ ፊተኛውም በተራው ያጐነብሳል። በዚህ ዐይነት አንዱ ጠያቂ ሌላው መላሽ ሆነው፥ ሁለት ሊቃውንት በቅኔ እንደሚመላለሱ ይመላለሳሉ። ክብ ርግጫ ከቀጥታው ይልቅ የተወደደበትም ምክንያት ይህ ነው፤ አልፎ ስለሚሄድ ለባላጋራው የመልስ ጊዜ ይሰጣል።

ነገር ግን ርግጫን አለ መጠን የሚያበዛ ሰው የሚገሠጽበት መንገድ አለ፤ እርሱም ራስቴይራ የሚባለው ጠለፋ ነው። አንድ እግሩን ያነሣ ሰው በአንድ ምሰሶ እንደ ቆመ ቤት ነው። ባላጋራው ከርግጫው በታች ዝቅ ብሎ በእግሩ የቆመበትን ተረከዝ ቢስብበት ወዲያው በመቀመጫው ይወድቃል። ይህ ውድቀት ሰውነትን እምብዛም አይጐዳም፤ ትዕቢትን ግን ይሰብራል። በሳልቫዶር የነበሩ የቀድሞ ተጫዋቾች በበዓል ቀን ነጭ ልብስ ለብሰው ወደ ክቡ ገብተው ልብሳቸው ሳያድፍ መውጣትን እንደ ክብር ይቈጥሩት እንደ ነበር ይነገራል፤ በጨዋታው መሬት መንካት የተፈቀደላቸው እጅ፥ እግርና ራስ ብቻ ናቸውና።

ሁለቱ መምህራን

ካፖኤራን ከአደባባይ ጠብ አውጥተው ወደ ትምህርት ቤት ያገቡት ሰዎች ብዙዎች ቢሆኑም፥ ከሁሉ ስማቸው የገነነው ሁለቱ የሳልቫዶር መምህራን ናቸው።

የመጀመሪያው ማኑኤል ዶስ ሬይስ ማሻዱ፥ በቅጽል ስማቸው ቢምባ ናቸው። ባቱኪ በሚባለው የእግር ጠለፋ ግጥሚያ ስመ ጥር የነበረ አባት ልጅ ሲሆኑ፥ ራሳቸው በወደብ ጫኝነትና በአናጢነት ሠርተዋል። ካፖኤራ ለሀገር ጐብኚዎች መደነቂያ ብቻ ሆኖ ኀይሉን እያጣ ነው በማለት ከባቱኪ ብልኀት ጨምረው የባሂያ ክፍለ አገር ትግል ያሉትን ስልት መሠረቱ፤ ይህም ዛሬ ሬጂዮናል ይባላል። በ1932 ትምህርት ቤታቸውን ከፈቱ፤ በ1937ም ከክፍለ አገሩ የትምህርት መሥሪያ ቤት የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በዚያ ጊዜ ገና አልተለወጠም ነበርና፥ ይህ ፈቃድ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

መምህር ቢምባ አዲሱን ተማሪ ሁለት እጁን ይዘው ጂንጋን ያስረግጡት ነበር። ከዚያም በስምንት ተራ የተደረደረ ትምህርት ይሰጡት ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲረግጥ ሌላው ያመልጣል፤ የመጀመሪያውም ተራ የሚጀምረው በቀኝና በግራ በሚሰነዘሩ ሁለት ግማሽ ጨረቃዎችና በሁለት ኮኮሪኛ ነው። እንዲህ ስለ ሆነ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ርግጫን ከማምለጥ ለይቶ አያውቀውም። ተማሪዎቻቸው ሥራ ያላቸው ወይም የሚማሩ እንዲሆኑ ይጠይቁ ነበር፤ ማጨስንና መጠጣትን ይከለክሉ ነበር፤ የተማሩትንም ከትምህርት ቤቱ ውጭ እያወጡ እንዳያሳዩ ያስጠነቅቁ ነበር። በ1953 በፕሬዚዳንት ጌቱሊዮ ቫርጋስ ፊት ከተማሪዎቻቸው ጋር ጨዋታውን አሳዩ፤ ፕሬዚዳንቱም ካፖኤራ በእውነት የአገሩ የሆነ ስፖርት ነው ብለው አመሰገኑ።

ሁለተኛው ቪሴንቲ ፌሬይራ ፓስቲኛ ናቸው፤ በ1889 ተወለዱ። እርሳቸው ራሳቸው እንደ ተረኩት፥ በልጅነታቸው ከእርሳቸው የሚበልጥ አንድ ልጅ በመንገድ ሁልጊዜ ይመታቸው ነበር። ቤኔዲቱ የሚባል አንድ ሽማግሌ አፍሪቃዊ ይህን ከመስኮቱ ሲመለከት ቈይቶ ጠራቸውና ካፖኤራ አስተማራቸው። መምህር ፓስቲኛ የቀድሞውን ስልት ሳይለውጡ ለማቈየት በ1941 የካፖኤራ አንጎላ ማእከልን አቋቋሙ፤ ተማሪዎቻቸውንም ቢጫና ጥቍር ያለብሱ ነበር። በእርሳቸው ትምህርት ርግጫው ቀስ ብሎ በዝቅታ ይሄዳል፤ ተጫዋቹም እግሩን ከባላጋራው ፊት አድርሶ ያቆመዋል፤ «ብፈልግ መታሁህ ነበር» እንደ ማለት ነው። ተመልካች ሁሉ ስለሚረዳው ምቱ ራሱ አያስፈልግም። በ1966 በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር በተደረገው የጥቍር ሕዝቦች የጥበብ በዓል ላይ ከብራዚል መልእክተኞች ጋር ተገኝተው፥ የአባቶቻቸውን ምድር ረገጡ።

በ1940 የወጣው አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካፖኤራን ከወንጀል ቍጥር አስወጣው። በ2008 የብራዚል መንግሥት የአገር ቅርስ ብሎ መዘገበው፤ በ2014ም ዩኔስኮ የካፖኤራን ክብ ከሰው ልጅ ሁሉ ቅርሶች ጋር ጻፈው። ነገር ግን ክብሩ ለመምህራኑ ዘግይቶባቸዋል። መምህር ቢምባ በትውልድ አገራቸው ድጋፍ ስላጡ ወደ ጎያኒያ ከተማ ተሰደው በ1974 በዚያው ሞቱ፤ የባሂያ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት የሰጣቸው ከሞቱ ከ22 ዓመት በኋላ በ1996 ነው። መምህር ፓስቲኛም የሚያስተምሩበትን ቤት ተነጥቀው፥ ዐይናቸው ጠፍቶ፥ በድህነት ሳሉ በ1981 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። አንድ ሕዝብ በጥበቡ ሲኰራ የጥበቡን ጠባቂዎች በሕይወት ሳሉ ማሰብ እንደሚገባው ይህ ታሪክ ለሁሉም አገር ሹማምንት ያስተምራል።

ለወላጆች የሚጠቅም ምክር

እንግዲህ ልጁ ካፖኤራ ልማር ቢል ምን ይደረግ? መልሳችን፥ ጨዋታውን ከመመርመር በፊት መምህሩን መርምሩ የሚል ነው። ከላይ እንዳየነው ያው ርግጫ በሪዮ መንገዶች የሰው ማስፈራሪያ፥ በሳልቫዶር ትምህርት ቤቶች ግን የጠባይ ማረሚያ ሆኗል፤ ልዩነቱ የመጣው ከእግሩ ሳይሆን ከአስተማሪው ነው።

ልጁን ከማስመዝገብ አስቀድሞ አባት ወይም እናት አንድ ቀን ሄደው ትምህርቱን ቢመለከቱ ይበጃል። መልካም መምህር ከርግጫ በፊት ማምለጥንና መውደቅን ያስተምራል። ታናናሾቹን ከታላላቆቹ ጋር ያለ ጥበቃ አያጋጥምም። ብዙ መምህራን ወንበር በመካከል አቁመው ተማሪው ሳይነካው እግሩን በላዩ እንዲያሳልፍ ያደርጋሉ፤ ወንበሩ ካልወደቀ ርግጫው ተመሰገነ ማለት ነው። የሰውነትንም ጉዳት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ክብ ርግጫ ሲሰነዘር የቆመው እግር ከሰውነቱ ጋር አብሮ ካልዞረ ጉልበት ይጠመዘዛልና፥ መምህሩ ይህን ደጋግሞ ማረም አለበት። ሰውነት ሳይሞቅ እግርን አለ ልክ ማንሣት የጭንን ጅማት ያስቈስላል፤ ክብደትን ባልጠነከረ እጅ ላይ መጣልም አንጓን ይጐዳል። ሜያ-ሉዋ ዲ ኮምፓሱንም ልጁ ሌላ ሰው ፊቱ ሳይቆም ብዙ ጊዜ ሊለማመደው ይገባል።

ትምህርቱ ለሴቶች ልጆች አይሆንም የሚል ቢኖር፥ የዛሬው ሁኔታ ይህን አይመሰክርም። ቀድሞ ክቡ የወንዶች ነበር፤ ካለፉት 50 ዓመታት ወዲህ ግን ሴቶች በብዛት ገብተውበት የመምህርነትን ማዕርግ ተቀብለዋል። ክብ ርግጫ ከክንድ ጉልበት ይልቅ ሚዛንንና ጊዜን ጠብቆ መንቀሳቀስን ስለሚጠይቅ፥ ሰውነቱ ቀላል የሆነ ሰው ከብርቱው ጋር ተካክሎ ሊጫወት ይችላል።

እውነቱን ለመናገር በየክቡ ሁሉ ይህ መልካም ሥርዐት ይጠበቃል ማለት አይቻልም። ቂም ይዘው የሚገቡ፥ ማምለጥ የማይችለውን ጀማሪ መትተው የሚኰሩም አይጠፉም። ወላጅ ይህን የመሰለ ነገር መምህሩ እያየ ሲደረግ ካገኘ ልጁን ከዚያ ያውጣ። ልጁ ትምህርቱ ደኅና እንደ ያዘውም በቤቱ ውስጥ ማወቅ ይቻላል። ጥቂት ወራት ከተማረ በኋላ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሲጣላ እግሩን የሚያነሣ ከሆነ ገና ርግጫ ብቻ ተምሯል፤ ሲሰድቡት ፈቀቅ ብሎ ማለፍን ከለመደ ግን ካፖኤራ ጀምሯልና፥ አባትየው የትምህርቱን ገንዘብ ሲከፍል አይጸጸት።